የበረኛው ዕዳ

በእግር ኳስ ሜዳ ላይ ከሚሰለፉት አሥራ አንድ ጓደኛሞች መካከል ልብሱ ከሌሎቹ የሚለየው አንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም በረኛው ነው። ኳስን በእጁ እንዲይዝ የተፈቀደለትም እርሱ ብቻ ሲሆን፥ ይህ ፈቃድ ከጎሉ ፊት በኖራ ከተሰመረው ክልል አያልፍም። የሚጠብቀው በር ወርዱ 7 ሜትር ከ32 ሳንቲ ሜትር፥ ቁመቱ 2 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ነው። አንድ ሰው የቱን ያህል ቢዘልና ቢንጠራራ ይህን ሁሉ ስፋት በአካሉ ሊሸፍነው አይችልም፤ ይሁን እንጂ ኳስ በገባ ቁጥር የተመልካቹ ዓይን ሁሉ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። አጥቂው አምስት ጊዜ ስቶ በስድስተኛው ቢያገባ በትከሻ ተሸክመው ያዞሩታል፤ በረኛው ግን አሥር ኳስ መልሶ አሥራ አንደኛው ቢያመልጠው፥ አሥሩን የሚቆጥርለት ሰው አይገኝም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በረኛው የሚቆመው ከሁሉ ኋላ ስለ ሆነ ሜዳውን በሙሉ የሚያየው እርሱ ነው። ማን እንደ ደከመ፥ ማን ቦታውን እንደ ለቀቀ፥ ማን እንዲጠብቅ የታዘዘውን ሰው ትቶ ለራሱ ክብር ወደ ፊት እንደ ሮጠ ከእርሱ የሚሰወር የለም። እኔ ይህን በልጅነቴ አላስተዋልሁትም ነበር።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ስለዚህ ሙያ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የኳስ ፍቅር ብቻ አይደለም። ተማሪ ሳለሁ በአንድ በረኛ ላይ የሠራሁት በደል አለ። ብዙ ዘመን የልጅ ነገር ነው እያልሁ አልፌው ኖርሁ፤ ኋላ ግን በ2000 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለ ሞተ አንድ የብራዚል በረኛ ሳነብ፥ ያ የልጅ ነገር ያልሁት በትልልቅ ሰዎችና በአንድ ታላቅ ሕዝብ ላይ ደርሶ አገኘሁት። ስለዚህ አስቀድሜ የእርሱን ታሪክ እነግርሃለሁ። ስለ እርሱ የምጽፋቸው ዓመታት፥ አንዱን ለይቼ ከምጠቅሰው በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሞአሲር ባርቦዛ በ1921 ዓ.ም. በሳኦ ፓውሎ ክፍለ ሀገር ካምፒናስ በምትባል ከተማ ተወለደ። በ1945 ዓ.ም. በሪዮ ዴ ጃኔይሮ ወደሚገኘው ወደ ቫስኮ ዳ ጋማ ክለብ ገባ፤ ስሙም የገነነው በዚያ ነው። በ1948 ዓ.ም. ቫስኮ በቺሌ ዋና ከተማ በሳንቲያጎ የደቡብ አሜሪካን ታላላቅ ክለቦች በልጦ ሲያሸንፍ በሩን የጠበቀው እርሱ ነበር፤ በሚከተለው ዓመት ብራዚል የደቡብ አሜሪካን ዋንጫ ስታገኝም እንዲሁ። ባርቦዛ የሚጫወተው ያለ ጓንት፥ በባዶ እጁ ነበር። የዚያ ዘመን ኳስ ደግሞ ከወፍራም ቆዳ የተሰፋ፥ ውሃ ሲጠጣ እንደ ድንጋይ የሚከብድ ነው። ጣቶቹ ብዙ ጊዜ ተሰብረው ስለ ነበረ በሽምግልናው ዘመን እጆቹን ያየ ሰው ሙያውን ሳይጠይቅ ያውቅ ነበር ይባላል።

በ1950 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ውድድር በብራዚል ተደረገ። ማራካና የሚባለው እጅግ ታላቅ ስታዲየም ለዚሁ ሲባል በሪዮ ተሠራ። በመጨረሻው ምዕራፍ አራት አገሮች ቀርተው ሁሉም እርስ በርሳቸው ተጋጠሙ። ብራዚል ስዊድንን 7 ለ1፥ እስፔንን 6 ለ1 ድል አደረገች። ኡራጓይ ግን ከእስፔን ጋር እኩል ወጥታ፥ ስዊድንን በብዙ ጭንቅ 3 ለ2 አሸንፋ ነበር። ስለዚህ በመጨረሻው ቀን ሁለቱ ሲገናኙ ለብራዚል እኩል መውጣት ብቻ ይበቃት ነበር።

ያ ቀን ጁላይ 16 ቀን 1950 ዓ.ም.፥ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 9 ቀን 1942 ዓ.ም. ነው። ትኬት ገዝቶ የገባው ሰው ብቻ ሲቆጠር 173,850 ሆነ። ሕዝቡ የመጣው ጨዋታ ለማየት ሳይሆን በዓል ለማክበር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጨዋታው ሳይጀመር የሪዮ ከንቲባ ተጫዋቾቹን እንደ ድል አድራጊዎች አድርጎ በድምፅ ማጉያ አወደሳቸው። የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ዡል ሪሜም ለአሸናፊዎቹ የሚያሰማውን የደስታ ንግግር በፖርቱጋል ቋንቋ አጽፎ በኪሱ ይዞ ነበር፤ በእስፓኝ ቋንቋ ግን፥ ማለት በኡራጓዮች ቋንቋ፥ አላዘጋጀም። ያልታረሰ መሬት እህል እንደ መሸጥ ያለ ነገር ነው።

ሁለተኛው አጋማሽ እንደ ተጀመረ ፍሪያሳ ለብራዚል አገባ። በዚህ ጊዜ የኡራጓይ አለቃ ኦብዱሊዮ ቫሬላ ኳሱን በብብቱ ይዞ ወደ እንግሊዛዊው ዳኛ ሄደና ረዥም ክርክር ገጠመ። ክርክሩን እንደማይረታ ያውቅ ነበር፤ የፈለገው የሕዝቡ ጩኸት በረድ እስኪል፥ የጓደኞቹም ልብ እስኪረጋ ጊዜ ማግኘት ነው። ይህን ሰው ባላደንቅ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ።

በ66ኛው ደቂቃ የኡራጓይ ቀኝ ክንፍ ጊጂያ፥ ቢጎዴ የተባለውን ተከላካይ አልፎ በመስመሩ አጠገብ ገሠገሠና ኳሱን ወደ መካከል አቀበለ፤ ስኪያፊኖ ተቀብሎ አገባ። አንድ እኩል ሆኑ። ልብ በል፤ በዚህ ውጤት ቢያበቃ ዋንጫው አሁንም የብራዚል ነው። በ79ኛው ደቂቃ ጊጂያ በዚያው መንገድ፥ ያንኑ ሰው አልፎ መጣ። እርሱን ሊደርስበት የቻለ ሌላ ተከላካይ አልነበረም። ባርቦዛ በዚያች ቅጽበት ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ ከቅርቡ ቋሚ ተጠግቶ መቆም፥ ወይም እንደ ፊተኛው ወደ መካከል የሚሻገረውን ኳስ ለመያዝ ወደ ፊት ፈቀቅ ማለት። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ያየው ነገር ሁለተኛውን እንዲመርጥ ነገረው፤ አንድ እርምጃ ያህልም ፈቀቅ አለ። ጊጂያ ግን በእርሱና በቋሚው መካከል በቀረችው ቀዳዳ በምድር መታው። ባርቦዛ ተወርውሮ በጣቱ የነካውና ወደ ውጭ ያወጣው መስሎት እንደ ነበረ፥ ኳሱ መግባቱንም ያወቀው ሜዳው ጸጥ በማለቱ እንደ ሆነ ኋላ ተናግሯል።

የቀረው አሥር ደቂቃ ያህል አለፈና ብራዚል 2 ለ1 ተሸነፈች። ሪሜ በግርግሩ መካከል ዋንጫውን ያለ ንግግር ለቫሬላ ሰጠው። ቫሬላ በዚያች ሌሊት ብቻውን ወደ ከተማ ወጥቶ ከሚያለቅሱት የሪዮ ሰዎች ጋር ተቀምጦ ሲጠጣ አደረ፤ ኀዘናቸውንም ባየ ጊዜ በድሉ አልተደሰተም።

እንግዲህ የማን ጥፋት ነበር? እኩል መውጣት ሲበቃት ብራዚል ማጥቃቷን ስላልገታች ነው ቢባል እውነት አለው። ያ ሁሉ አስቀድሞ የተነገረ ውዳሴ ልባቸውን አሳብጦት ነው ቢባልም እውነት አለው። ሁለት ጊዜ በአንድ መንገድ የመጣውን ሰው ለማገድ ቦታውን የሸፈነ አለመኖሩ፥ አጥቂዎቹ ብዙ ጊዜ ሞክረው ያገቡት አንድ ብቻ መሆኑ፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኡራጓዮች ጎበዞች መሆናቸው፥ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይላሉ አባቶቻችን። የብራዚል ሰዎች ግን ሎሚውን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ጫኑት። ከባርቦዛ ጋር ስማቸው አብሮ የጠፋው ቢጎዴና ዡቬናል ናቸው፤ ሦስቱም ጥቁሮች ነበሩ። ይህን እንዲያው አጋጣሚ ነው ለማለት እኔ አልደፍርም፤ ጥቁር ሰው ለበረኛነት አይታመንም የሚል ክፉ ንግግር ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ አገር ሥር ሰድዶ ኖሯልና። ዲዳ የተባለው በረኛ በ2006 ዓ.ም. በዓለም ዋንጫ የብራዚልን በር በቋሚነት እስኪጠብቅ ድረስ 56 ዓመት አለፈ።

ባርቦዛ በዚያ ቀን እጁ ሰልሎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በገባን ነበር። ነገር ግን ከዚያው ሽንፈት በኋላ ቫስኮ የ1950ን የሪዮ ሻምፒዮና ሲወስድ በሩን የጠበቀው እርሱ ነው፤ በ1952ም ደገሙት። እስከ 1962 ዓ.ም.፥ ዕድሜው 41 ዓመት እስኪሆን ድረስ ተጫወተ። የአገሩን ልብስ ግን ከዚያች ቀን በኋላ የለበሰው አንድ ጊዜ ብቻ፥ በ1953 ዓ.ም. ነው። የብራዚል ቡድን በዚያ ቀን ለብሶት የነበረው ነጭ ሸሚዝም ገደ ቢስ ተባለና ውድድር ወጥቶ ዛሬ ዓለም በሚያውቀው ብጫ ተለወጠ። ሸሚዙ በመለወጡ ኃጢአቱ ተሰረየለት፤ ሰውየውን ግን መለወጥ አይቻልም።

ከጨዋታ ከወጣ በኋላ ባርቦዛ የቀን እንጀራውን ያገኘው በዚያው በማራካና ተቀጥሮ ነው። በየማለዳው ወደዚያ በር ሲገባ ምን ያስብ እንደ ነበረ እንጃ። ምሶሶዎቹ ከእንጨት ወደ ብረት በተለወጡ ጊዜ አሮጌዎቹ ተሰጥተውት፥ ወዳጆቹን ጠርቶ ሥጋ ጠበሰባቸው የሚል ታሪክ ይነገራል፤ የሚጠራጠሩትም አሉ። እኔ እውነት ቢሆን ደስ ይለኛል። በ1970 ዓ.ም. ግን አንዲት ሴት በገበያ ቤት አይታ በጣቷ እያመለከተችው፥ ብራዚልን ሁሉ ያስለቀሰው ሰው ይህ ነው ብላ ለልጇ እንዳሳየችው ራሱ ተናግሯል። ልጁ በዚያ ቀን ገና አልተወለደም ነበር። በ1993 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑ ሲለማመድ ሊጎበኝ ቢሄድ፥ ገድ ያበላሽብናል ብለው ከለከሉት። ያን ጊዜ ዕድሜው 72 ነበር።

እርሱ ራሱን ሲከላከል የሚናገረው ቃል አጭር ነበር፤ እኛ አሥራ አንድ ነበርን ይል ነበር። በመጨረሻም ዘመኑ፥ በብራዚል ሕግ ከሁሉ የከፋው እስራት 30 ዓመት ሲሆን እኔ ላልሠራሁት ወንጀል 50 ዓመት ታሰርሁ ብሏል። በኤፕሪል 7 ቀን 2000 ዓ.ም. በ79 ዓመቱ፥ ሚስቱ ቀድማው ሞታ፥ በድህነት አረፈ። ኳሷን ያገባው ጊጂያ ግን ብዙ ዘመን ከብሮ ኖረ፤ የሞተው በ2015 ዓ.ም. ሲሆን፥ ቀኑም ጁላይ 16 ነበር።

በረኛ ሁሉ እንዲህ ይሆናል ማለቴ አይደለም። የሶቭየት ኅብረቱ ሌቭ ያሺን በ1962 ዓ.ም. አገሩ በዓለም ዋንጫ በቺሌ ስትሸነፍ በብርቱ ተወቅሶ ነበር። እርሱን ግን ወደ በሩ መለሱት፤ በሚከተለው ዓመት የአውሮፓ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የወርቅ ኳስ ተሸለመ። ይህን ሽልማት ያገኘ በረኛ ከእርሱ በፊትም ሆነ በኋላ የለም። የያሺን ነገር ከባርቦዛ የሚለየው በእጅ ቅልጥፍና ነው ብዬ አላምንም።

አሁን የራሴን ልናገር። በደሴ ከተማ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። በግንቦት ወር ከሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ልንጋጠም ቀን ተቆርጦ፥ ሳምንቱን ሙሉ ከዚያ በቀር ወሬ አልነበረንም። በረኛችን ዝምተኛ፥ ቀጭን፥ እጀ ረዥም ልጅ ነበር፤ ስሙን አልጽፍም። ሲወድቅ ጉልበቱ እንዳይላጥ እናቱ አሮጌ ብርድ ልብስ ቆርጣ ሱሪው ላይ ሰፍታለት ነበር፤ በዚያም እንስቅበት ነበር። እኔ የምጫወተው በግራ ተከላካይነት ሲሆን፥ መምህራችን በእርሳስ በሠራው ሥዕል ላይ ከቀኝ ክንፋቸው እንዳልለይ ሁለት ጊዜ አስምሮልኛል።

አንድ እኩል ሆነን ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ቀረ። ከጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ የሜዳውን ዳር ሸፍኖት ነበር። በሜዳው ጠርዝ የክፍላችን ሴቶች ተማሪዎች ቆመዋል። እኔ ጎል አግብቼ አላውቅም፤ በዚያች ሰዓት ግን ማግባት አለብኝ አልሁ። ቦታዬን ትቼ ወደ ፊት ሮጥሁ። ኳሷ ተነጥቃ በራሴ ላይ አልፋ ስትመለስ ዞር ብል፥ ያ የእኔ ሰው ብቻውን ይጋልባል። በረኛችን እየተንደረደረ ወጣና ከእግሩ ሥር ተወረወረ፤ ኳሷ በክንዱ ሥር ሾልካ ገባች።

መምህራችን ጨዋታው ሲያበቃ ሰብስቦን፥ «ያን ልጅ ማን ነበር የያዘው?» ብሎ ጠየቀ። የሚያውቀውን የጠየቀ አይመስለኝም፤ በጉሙ ምክንያት በእውነት አላየም። ዝም ብል እንኳ ጥፋቴ ግማሽ ይሆን ነበር። እኔ ግን፥ «ኳሷ እኮ በብብቱ ሥር ነው ያለፈችው! እንደ ወንፊት!» ብዬ ጮኽሁ። ልጆቹ ሳቁ፤ መምህራችንም ጥያቄውን ትቶ ወደ በረኛው ዞረ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስሙ «ወንፊት» ሆነ። ከእኛ በታች ያሉ ልጆች እንኳ፥ ጨዋታውን ያላዩት፥ በዚያ ስም ይጠሩት ጀመር። እርሱም በረኛነቱን ተወ። ወደ ሜዳ መምጣቱን ግን አልተወም፤ እኛ ስንጫወት ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ ኮታችንንና ደብተራችንን ይጠብቅልን ነበር። ኮቴን ስቀበለው አመስግኜው እንደሆነ አላስታውስም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፥ የባርቦዛን ታሪክ ካነበብሁ ወዲህ፥ በአዲስ አበባ ከአንድ የደሴ ሰው ለቅሶ ላይ ተገናኘን። እኔ አላወቅሁትም፤ እርሱ ነው ከድንኳኑ ማዶ ተነሥቶ መጥቶ በስሜ የጠራኝ። ጠጉሩ ሸብቶ ነበር። በመንግሥት መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሥራ ኖሮ ጡረታ ለመውጣት ተቃርቧል። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ንፍሮ ስንቆረጥም ስለ ሟቹ፥ ስለ ልጆቻችን፥ ስለ ኑሮ ተጨዋወትን። እኔ ግን የምናገረው ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ነበር። በመጨረሻ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፥

«ያን ቀን ያን ልጅ የለቀቅሁት እኔ ነበርሁ» አልሁት።

የቱን ቀን ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ ነበር። እርሱ ግን ንፍሮውን እያላመጠ፥

«አውቃለሁ፤ ስትሮጥ አይቼሃለሁ። ተመለስ ብዬ ተጣርቼ ነበር፥ አልሰማኸኝም» አለ።

«ታዲያ መምህራችን ሲጠይቅ ለምን አልተናገርህም?»

ጥቂት አሰበ። «የጠየቀው እኔን አልነበረም» አለኝ። «እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ይቅር በለኝ አልሁት፤ እርሱም ልማድ እንደ ሆነው ይቅር ለእግዚአብሔር አለኝ። ሊመሽ ሲል የልጅ ልጁ፥ ሰባት ዓመት ያህል የሚሆነው፥ ሊጠራው መጣ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀድዶ ነበር። «ይሄም ኳስ ነው» አለኝ ቀዳዳውን በጣቱ እያሳየኝ። በየት በኩል ነው የምትጫወተው ብዬ ልጁን ጠየቅሁት፤ ልጁ አያቱን ቀና ብሎ አየና መልስ ሳይሰጠኝ እጁን ይዞት ሄደ።